ተቀበል ከማለትዎ በፊት፦ ዘፈን እንዴት ይሠራል?

ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ከገባ በኋላ በፎገራ ሜዳ የሠርግ ወራት ይመጣል። በጥር ከወረታ ተነሥተው በጎንደር መንገድ ወደ ጣራ ገዳም አቅጣጫ ቢጓዙ፣ ዳስ ማየትዎ፣ ከበሮም መስማትዎ አይቀርም። ከዳሱ ውስጥ አዝማሪ ካለ ደግሞ ጨዋታው ይደምቃል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት መስመር ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። ሰው ይስቃል፤ የተነካው ሰውም አብሮ ይስቃል።

ያ ግጥም ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ተሰጥኦ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ተሰጥኦ እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ዘፈን መሥራት ሙያ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ይማሩታል፣ ዋጋም ያስከፍላል። እርስዎም ቢሞክሩት የሚጀምሩበት ቦታ አለ። አንድ በአንድ እንየው።

ግጥሙ ከምን ይጀምራል?

መጀመሪያ ጥቂት የሙያ ቃላት እንያዝ። አንድ የግጥም መስመር ስንኝ ይባላል። ሁለት ስንኞች መጨረሻቸው በድምፅ ሲመሳሰል ቤት መቱ እንላለን። ስንኙ ልክ አለው፤ ልኩም የሚቆጠረው በቀለም ነው። ቀለም ማለት በአንድ ምት ከአፍ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ ነው። «ገበሬው» የሚለውን ቀስ ብለው ይበሉት፦ ገ፣ በ፣ ሬው። ሦስት ጊዜ መቱ፤ ሦስት ቀለም ነው።

በአማርኛ ዘፈንና እንጉርጉሮ አዘውትሮ የሚሰማው ልክ የወል ቤት ይባላል። ስንኙ 12 ቀለም አለው፤ መካከሉ ላይ ትንፋሽ ተወስዶ 6 ለ6 ይከፈላል። 5 ለ5 የሆነው ሰንጎ መገን ነው። ስሙን ከነሐሴ 13ቱ የልጆች ጨዋታ የወሰደው ቡሄ በሉ ደግሞ 4 ለ4 ነው፤ ያጠረና የፈጠነ።

ታዲያ ገጣሚው በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚገጥመው? አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በደቦ ሲሰማው ስላደገ ጆሮው ይቆጥርለታል። አንድ ቀለም ሲጎድል ይጎረብጠዋል፤ ለምን እንደጎረበጠው ግን ላያስረዳ ይችላል።

አሁን አንድ ግጥም አብረን እንሥራ። አንድ ወዳጅ አለዎት እንበል። ጠባዩ አልቀና ብሏል። ሊነግሩት ይፈልጋሉ፤ በሰው ፊት ሊያዋርዱት ግን አይፈልጉም። ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስንኝ ነው፤ የልብ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ በቀጥታ ይጻፉት፦

የወዳጄ ጠባይ መቼ ይታረማል?

ልኩ ደርሷል፤ የ፣ ወ፣ ዳ፣ ጄ፣ ጠ፣ ባይ ብለው ይቁጠሩት፣ 6 ነው። ቀሪውም 6 ነው። ግን ይህ ገና ግጥም አልሆነም፤ ልክ የገባ ወቀሳ ነው። ወዳጅዎ ቢሰማው ተነሥቶ ይወጣል።

ቀጥሎ በ«ማል» የሚያልቁ ቃላት ይፈልጉ። ይጠማል፣ ይለማል፣ ይሰማል፣ ይደክማል። ዝም ብሎ ቤት የሚመታውን አይውሰዱ፤ ወሬ ይዞ የሚመጣውን ይምረጡ። እኛ «ይደክማል»ን እንውሰድ። ማን ይደክማል? በፎገራ መልሱ ቅርብ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ በተኛበት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሩዝ አረም የሚነቅለው ገበሬ። አሁን የመጀመሪያው ስንኝ መጣ፦

ገበሬው ለሩዙ ስንቱን ቀን ይደክማል፤

ይህ ስንኝ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ውስጥ ያለችው «ይታረማል» ሁለት ትርጉም ይዛ ብቅ ትላለች። ማሳ ይታረማል፤ አረሙ ይነቀልለታል። ሰውም ይታረማል፤ ጥፋቱን ያቃናል። ስለዚህ «ጠባይ» የሚለውን እናወጣና «ማሳ»ን እናስገባለን፦

ገበሬው ለሩዙ ስንቱን ቀን ይደክማል፤
የወዳጄ ማሳ መቼ ይታረማል?

የተለወጠው አንድ ቃል ነው። አሁን ወዳጅዎ ሲሰማው መውጫ በር አለው። «ሠራተኛ አጥቼ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሳርመዋለሁ» ብሎ መመለስ ይችላል። እርስዎም ያሉትን ብለዋል፤ እሱም ገብቶታል። ሁለታችሁም እንደተከበራችሁ ትቀመጣላችሁ። ለእኔ የአማርኛ ግጥም ትልቁ ደግነት ይህ ነው።

ይህ አሠራር ሰምና ወርቅ ይባላል። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው፣ የሩዙ ወሬ ነው። ወርቁ ከሥር ያለው፣ የጠባዩ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የተሸከመችው «ይታረማል» ደግሞ ኅብረ ቃል ትባላለች።

የመጀመሪያው ስንኝ ትርፍ ነው የሚሉ አሉ። ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ሲሆን እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ግጥም በብዛት እንሰማለን። በደንብ ሲሠራ ግን ሥራ አለው፤ ሰሚውን ወደ ማሳው ይወስደዋል። ሰሚው ማሳው ውስጥ ካልገባ ኅብረ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ ይቀራል። ሰሙ ከሰሚው ኑሮ መወሰድ ያለበትም ለዚህ ነው። ይህንኑ ግጥም ሩዝ በማይዘራበት አገር ቢሉት ሰው ይሰማዎታል እንጂ አይስቅም።

ይህን ጥበብ ማን ያስተምራል?

በሥርዓት የሚያስተምረው ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ በግእዝ የሚደረስ፣ በዜማ የሚባል ግጥም ነው። ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ነው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓ ማለት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን እንደደረሰው የሚታመነው የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ ነው። ማስመስከሪያ ማለት ደግሞ ተማሪው መጨረሱ የሚመሰከርበት ቦታ ነው። ዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት በሚባለው የዜማ ትምህርት፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ኋላ በምናየው በአቋቋም ይታወቃሉ።

የቅኔ ተማሪ ውሎ ለዘፈን ደራሲ ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ ቅኔ ይቆጥራል። ይህም ማለት ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ግጥሙን በልቡ ይሠራል። ወረቀት የለም። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የሳተውን ያርማሉ፤ ያልረባውንም አፍርሰህ ሥራ ይላሉ። በመጨረሻ ሲበስል ይዘርፋል፤ መዝረፍ ማለት በጉባኤ መካከል፣ ሳይዘጋጅ፣ ከአፉ እያወጣ መቀኘት ነው።

ልብ ይበሉ፤ በቅጽበት መፍጠር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከፊቱ ብዙ ብቻውን የተቀመጠባቸውና ብዙ የታረመባቸው ቀናት አሉ። ጀማሪው የሚነሣው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ነው፤ ከዚያ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። ትናንት የተባለ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም። ለየበዓሉ አዲስ ይፈለጋል።

ወጪውስ? በብር አይቆጠርም። ተማሪው አኩፋዳውን፣ ማለትም ከሰሌን የተሠራችውን የምግብ መያዣ፣ አንጠልጥሎ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ብርዱን በደበሎ ይችላል፤ ዓመታት ይሄዳሉ። ዛሬ በየዘፈኑ የምንሰማው ሰምና ወርቅ ከእነዚህ ደጆች በተሰጠ ቁራሽ እንጀራ የኖረ ነው።

የፎገራው ሰውዬ ምን ሠሩ?

አለቃ ገብረ ሃናን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት እኚህ ሊቅ የተወለዱት እዚሁ ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ጎንደር አስተምረዋል፤ እስከ አፄ ምኒልክ ግቢም ደርሰዋል። ቀልዳቸው ትልቁን ሥራቸውን ሸፍኖባቸዋል። ትልቁ ሥራቸው ዝማሜ ነው።

ዝማሜ ምንድን ነው? ካህናት በማኅሌት ቆመው ሲያዜሙ መቋሚያቸውን ይዘው አካላቸውን ከዜማው ጋር ያወዛውዛሉ። ያ ውዝዋዜ ሥርዓት አለው፤ የትኛው ቃል ላይ ወዴት እንደሚዘነበል ይታወቃል። ዝማሜ የሚባለው ይህ ነው። አቋቋም ደግሞ ዝማሜውን፣ የጸናጽሉንና የከበሮውን ምት ጨምሮ የሚያስተምረው ትምህርት ነው። አለቃ ገብረ ሃና አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ስልቱንም የቀዱት ከጣና ማዕበልና ከዳርቻው ደንገል ውዝዋዜ ነው ተብሎ ይተረካል።

ትረካውን ለማመን አልቸገርም። ናበጋ ለጣና ዳርቻ ቅርብ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ማዕበል ሲመጣና ሲመለስ፣ ደንገሉም አብሮ ሲያዘነብል ሲያይ ይውላል። ፈጠራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስለኛል። ሩቅ አይሄድም፤ ሲያዩት የኖሩትን ነገር ለሌላ ሥራ ያውለዋል።

አዲሱ ስልት ጎንደር ላይ ወዲያው እሺ አልተባለም። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ እዚያም ሥር ሰደደ። ዛሬ በብዙ አድባራት የሚታወቀው የተክሌ አቋቋም ይህ ነው። ስሙን ያዩታል? የሚጠራው በፈጠሩት በአባቱ ሳይሆን ባስፋፋው በልጁ ነው። የሠራው ሰው ስም ወድቆ የተሸከመው ሰው ስም መቅረቱ በዘፈን ዓለም የተለመደ ነው። ወደ ታች ስንወርድ ደጋግመን እናገኘዋለን።

አዝማሪው በቅጽበት ነው የሚፈጥረው?

አዎም፣ አይደለምም። አዝማሪው ሠርግ ቤት የሚገባው ባዶውን አይደለም። በልቡ የተከማቸ ብዙ ስንኝ አለው። በ«ማል» የሚያልቅ ቢሰጡት መልስ የሚሆን አለው፤ በ«ናው» ቢሰጡትም አለው። የሙሽራውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ከየት እንደመጡ፣ ማን የተከበረ እንግዳ እንደሆነ ሳይጫወት በፊት ይጠይቃል። ሲጫወት ስሙን በተዘጋጀው ስንኝ ውስጥ ያስገባዋል። እርስዎ «እንዴት አወቀኝ?» ብለው ይደነቃሉ።

ማሲንቆውም ያግዘዋል። በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆውን ብቻውን ሲያስጮኸው እርስዎ ዜማ ይሰማሉ፤ እሱ ግን የሚቀጥለውን ቤት እየፈለገ ነው። ሁለት ሆነው ሲጫወቱ አንዱ ሲያዜም ሌላው ያስባል። በመካከላቸው ሌላ ሰው የማይሰማው የሙያ ቋንቋም አላቸው፤ ስለ እንግዳው፣ ስለ ሽልማቱ እዚያው ፊት ለፊት ይነጋገሩበታል።

በጎንደር አካባቢ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። ልጆች ሙያውን ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ። ጃፓናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ በጎንደር ስለሚዘፍኑ የአዝማሪ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ልጁ መጀመሪያ አባቱ ሲያዜም ይቀበላል። ከዚያ ማሲንቆ ይይዛል። ከዚያ ብቻውን ይወጣል። የቅኔው ተማሪ ከሄደበት መንገድ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ መምህሩ አባቱ፣ ጉባኤው ጠጅ ቤት መሆኑ ነው።

የማሲንቆው ዕቃ ቀላል ነው። ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ገበቴ በቆዳ ይለበጣል። ክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ታስሮበታል። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ኑሮው ውድ ነው። ገቢው ሽልማት ነው፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር። ሠርግ ባለበት ወር ያገኘው ሠርግ የሌለበትን ወር መሸፈን አለበት። የዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ በነዚያ ቀናት የሚጠራው የለም። በዚያ ላይ ስሙ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ዳሱን ያደመቀውን ሰው ከዳሱ ውጭ «አዝማሪ» ብለን መናቃችን በጣም ያሳፍረኛል።

ከዚህ የከበደ ዋጋ የከፈሉም አሉ። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ በየካቲት 1929 በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ፣ እሱ እንዲያዙና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ባሕታውያን ብቻ ሳይሆኑ አዝማሪዎችም ነበሩ። ሁለት ስንኝ ከአፍ ወደ አፍ የሚደርስበትን ርቀት ጠላት በደንብ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዜማውስ?

ዓለማዊ ዜማችን በአብዛኛው የሚሠራው በአራት ቅኝት ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው የድምፆች ምርጫ ነው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። ዋናው የትዝታ ቅኝት ለምሳሌ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው።

አምስት ድምፅ ብቻ ይበቃል ወይ? ይበቃል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከአካሄዱ ነው። የት ላይ ያርፋል? የትኛውን ድምፅ ያንቀጠቅጣል? የት ላይ ይፈጥናል? አንድ ዓይነት ትዝታ ሁለት ሰው ሲዘፍነው ሁለት ሰው ይሰማሉ።

ድምፃዊና መሣሪያም መንገዱን ይቀይሩታል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን፣ ማለትም ጀግና ወደ ጦርነት ሲሄድ የሚያወርደውን ዜማ፣ በሳክስፎን ተጫወተው። ቃል የለበትም። ሆኖም የሽላዩን ትንፋሽና ቁጣ ይሰሙበታል።

አሁን ወደ ስቱዲዮ እንግባ። እዚህ አንድ ዘፈን በብዙ እጅ ያልፋል። የግጥም ደራሲ ቃሉን ይሠራል። የዜማ ደራሲ የሚዜምበትን መንገድ ያወጣል። አቀናባሪ መሣሪያዎቹ መቼ እንደሚገቡና ምን እንደሚጫወቱ ይወስናል። ድምፃዊው ይዘፍነዋል። አድማጭ የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛውን ብቻ ነው። የይልማ ገብረአብን ግጥሞችና የአበበ መለሰን ዜማዎች በቃሉ የሚዘፍን ስንት ሰው አለ፤ ከነሱ ስንቱ ስማቸውን ይጠራል?

ግጥሙ ነው ዜማው የሚቀድመው? ሁለቱም ይሆናል። በአዝማሪ ቤት ዜማው የቆየ ነው፣ ግጥሙ አዲስ ይገባበታል። በስቱዲዮ ብዙ ጊዜ ዜማ ይቀድማል። የዜማ ደራሲው ትርጉም የሌለው «ላ ላ ላ» እያለ ስልኩ ላይ ይቀዳዋል፤ የግጥም ደራሲው ቀለሙን ቆጥሮ ቃል ያለብሰዋል። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን የ«ዬስተርዴይ» ዘፈን ዜማ በሕልሙ ሰምቶ ሲነቃ ቃል አልነበረውም። ቃል እስኪያገኝለት ድረስ ስለ እንቁላል ጥብስ የሚያወራ ማቆያ ግጥም እያስገባ ያዜመው ነበር። እርስዎም ጥሩ ዜማ መጥቶልዎ ቃል ካጡ አይጨነቁ፤ ልኩ ብቻ እንዳይጠፋ ማንኛውንም ቃል ያስገቡበትና ይቅዱት።

ታሪኩስ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ከራስ ኑሮ፣ አንዳንዴ ከመጽሐፍ። ቴዲ አፍሮ በ2009 ባወጣው «ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥ ያለው «ማር እስከ ጧፍ» መነሻው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ልብ ወለዱ የታተመው በ1958 ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር መጽሐፉን አንብቦ ለማያውቅ ወጣት በዘፈን ደረሰ። በዚሁ አልበም ውስጥ አፄ ቴዎድሮስም ዘፈን አላቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት ንጉሥ ከሞቱ በኋላ ሕዝቡ ያወጣላቸው እንጉርጉሮ ግን ከማንኛውም አልበም ይቀድማል፤ ያን የገጠመው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ገንዘቡ የማን ነው?

ስቱዲዮ ሲገቡ የሚከፍሉት ለብዙ ነገር ነው። ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብር፣ መሣሪያ ለሚጫወቱት። ከዚያ ሚክሲንግ አለ፤ የየመሣሪያውን ድምፅ ማመጣጠን ነው። ማስተሪንግ አለ፤ ዘፈኑ በመኪናም በስልክም እኩል እንዲሰማ የመጨረሻው ማስተካከያ ነው። ከዚያ ክሊፕ ይመጣል፣ እሱም ብቻውን ሌላውን ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ገንዘብዎ ትንሽ ከሆነ የእኔ ምክር ከክሊፑ ቀንሰው ለግጥምና ለዜማ ይክፈሉ ነው። ያለ ክሊፕ የኖሩ ዘፈኖች ብዙ ናቸው። ደካማ ግጥም ይዞ የኖረ ግን አላየሁም።

ድሮ ይህን ወጪ የሚሸፍነው ሙዚቃ ቤት ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተሙ መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት፤ የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ። ዛሬ ዘፋኙ ራሱ አውጥቶ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል።

ሕጉ ምን ይላል? ዋናው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የግጥምና የዜማ ደራሲ መብቱ የሚጀምረው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾች ይጠቀሙበታል። ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት መጠየቅም መብቱ ነው። ማሻሻያው ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያን፣ ማለትም ሥራው በተሰማ ቁጥር ለባለቤቱ የሚደርሰውን ድርሻ፣ በጋራ የሚሰበስብ ማኅበር የሚቋቋምበትን መንገድ አስቀምጧል።

ካልተመዘገበ እንዴት ይታወቃል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ክርክር ሲመጣ ማስረጃ የሚያቀርበው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ግጥሙን ሲጨርሱ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። የመጀመሪያውን «ላ ላ ላ» ከስልክዎ አያጥፉ። ከፈለጉ አዲስ አበባ ባለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራዎን ማስመዝገብ ይችላሉ። ግጥም ሲሸጡ ደግሞ በአፍ አይስማሙ። የሸጡት ለአንድ ዘፈን ነው ወይስ ለዘለዓለም? ስምዎ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም? በወረቀት ይስፈር፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በችግር ጊዜ በአንድ ክፍያ ተሸጠው ብዙ ዓመት ለሌላ ሰው ገንዘብ ያመጡ ግጥሞች ጥቂት አይደሉም።

የሕዝብ ዘፈንስ የማን ነው? በሠርግ የሚዘፈነው፣ በደቦ የሚባለው፣ ከአያት የመጣው ዜማ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ሊዘፍኑት ይችላሉ። ያከሉት ግጥምና ያሠሩት ቅንብር የእርስዎ ነው፤ ሥሩን ግን የእኔ ነው ማለት አይችሉም። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ምቹ መሸሸጊያ እንዳይሆንብዎም ይጠንቀቁ። በአንድ ቀበሌ የሚዘፈን ግጥም የሕዝብ የሚመስለን ገጣሚውን ማንም ስላልጠየቀ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት እዚያው ሁለት ቤት አልፈው ይኖሩ ይሆናል።

ስለዚህ በጣራ ገዳም ዙሪያ ወይም በወረታ ገበያ ላይ አንዲት እናት ሲያዜሙ ሰምተው ስልክዎን ካወጡ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ። ከቀዱ በኋላ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የእሳቸውንም ስም ከቅጂው ጋር ይጻፉ። ከዚያ ግጥሙን ከማን እንደሰሙት ይጠይቋቸው። «ከእናቴ» ካሉዎት የእናታቸውንም ስም ይጻፉ።